የአምራች ክፍሎችና የምርቶች ዝምድና ሞዴል

የአምራች ክፍሎችና የምርቶች ዝምድና ሞዴል ማን ምን እንዳመረተና ምርቱ የት እንደደረሰ ለመመዝገብ በዳታቤዝ ውስጥ መረጃ የሚደራጅበት መንገድ ነው። አምራች ክፍል የሚባለው ትልቅ ፋብሪካ፣ በፋብሪካ ውስጥ ያለ አንድ የማምረቻ መስመር፣ ወይም ጥቂት ሰዎች ተደራጅተው ብሎኬት የሚያመርቱበት ሼድ ሊሆን ይችላል። ምርት የሚባለው ደግሞ በዓይነቱ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት። ሞዴሉን ለሚሠራ ሰው ዋናው ሥራ እነዚህን ሁለቱን መዘርዘር አይደለም። በመካከላቸው ያለውን ዝምድና ራሱን የቻለ መዝገብ አድርጎ መያዝ ነው።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን የሚያብራራው በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ፣ በተለይም በልደታ ኮንዶሚኒየም ምሳሌ ነው። ዳታቤዝ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የመኪና ፋብሪካን በምሳሌነት ያቀርባሉ። ኮንዶሚኒየም ግን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ከመሆኑም በላይ ለዚህ ጉዳይ የተሻለ ምሳሌ ነው፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ የብዙ ትንንሽ አምራቾች ሥራ ተደባልቆ ይገኛልና።

የኮንዶሚኒየም ግንባታና አምራቾቹ

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ሰፊ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ጀመረ። የግንባታው ዘዴ የተወሰደው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂ ቲ ዜድ) ካስተዋወቀው አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ የቤት አሠራር ሲሆን የመጀመሪያው የሙከራ ግንባታ ገርጂ ላይ ተካሄደ። ፕሮግራሙ ከመነሻው ሁለት ዓላማ ነበረው፦ ቤት መሥራትና ሥራ መፍጠር። ስለዚህ ለግንባታው የሚያስፈልጉ ብዙ ግብዓቶች ከትልልቅ ፋብሪካዎች ሳይሆን በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ከተደራጁ ማኅበራት እንዲቀርቡ ተደረገ። አንዱ ማኅበር ብሎኬት ያመርታል፣ ሌላው ፕሪካስት ቢም፣ ሌላው የብረት በርና መስኮት፣ ሌላው የእንጨት ሥራ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ነባር ቤቶች ተነሥተው በለማው ቦታ ላይ የተሠራ ሰፈር ነው። እንደ ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ከከተማው ዳር ሳይሆን መሐል ከተማ ላይ ይገኛል።

በፕሮግራሙ የተለመደው የወለል አሠራር ለሞዴሉ ጥሩ ማሳያ ነው። ቀድመው የተዘጋጁ ቢሞች በርቀት ይደረደራሉ፤ በቢሞቹ መካከል የስላብ ብሎኬት ይገባል፤ ከላይ ብረት ተነጥፎ ስስ ኮንክሪት ይፈስሳል። ቢሙን ያመረተው ማኅበርና ብሎኬቱን ያመረተው ማኅበር የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲሚንቶው የመጣው ከሌላ ፋብሪካ ነው። ኮንክሪቱን ያፈሰሰው ደግሞ ኮንትራክተሩ ነው። ወለሉ ከተለሰነ በኋላ እነዚህን ለይቶ በዓይን ማየት አይቻልም። ያን ጊዜ ማን ምን እንደሠራ የሚናገረው መዝገቡ ብቻ ነው።

ዝምድናው ብዙ ለብዙ ነው

አንድ ማኅበር ብዙ ዓይነት ምርት ያመርታል፤ አንድን ዓይነት ምርት ደግሞ ብዙ ማኅበራት ያመርቱታል። እንዲህ ያለው ዝምድና በዳታቤዝ ቋንቋ "ብዙ ለብዙ" ይባላል። "አንድ ለብዙ" ከሚባለው፣ ለምሳሌ አንድ ሕንፃ ብዙ ቤቶች ሲኖሩት አንድ ቤት ግን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ከሚሆንበት ዝምድና፣ ይለያል።

ብዙ ለብዙን በአንድ ሰንጠረዥ ለመያዝ የሚሞክር ሰው ሁለት የተለመዱ መንገዶችን ይከተላል። አንደኛው በማኅበራት ሰንጠረዥ ላይ "ምርት 1"፣ "ምርት 2"፣ "ምርት 3" የሚሉ ዓምዶችን መጨመር ነው። ማኅበሩ አራተኛ ምርት በጀመረ ቀን ሰንጠረዡ ይጠብበታል፤ "የስላብ ብሎኬት የሚያመርቱት እነማን ናቸው?" ብሎ ለመጠየቅም ሦስቱንም ዓምዶች መፈለግ ግድ ይሆናል። ሁለተኛው በአንድ ዓምድ ውስጥ "ብሎኬት፣ ቢም፣ ቱቦ" እያሉ በነጠላ ሰረዝ መደርደር ነው። ይህ ለሰው ዓይን ደኅና ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያየው አንድ ረጅም ጽሑፍ ነው። የቢሙን መጠን ወይም ቀን የት ላይ እንደሚጽፍም አያውቅም። በብዙ ቢሮዎች የኤክሴል ፋይሎች ላይ የሚታየው ይህ ሁለተኛው ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሦስት ሰንጠረዥ ነው፦ አንዱ ለአምራቾች፣ አንዱ ለምርቶች፣ ሦስተኛው ሁለቱን የሚያገናኝ። በሦስተኛው ሰንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ ረድፍ የአንድ አምራችን መለያ ቁጥርና የአንድ ምርትን መለያ ቁጥር ይይዛል። ሦስተኛው ሰንጠረዥ አገናኝ ሰንጠረዥ ይባላል።

አገናኝ ሰንጠረዡ ሌላም ጥቅም አለው። መረጃው የማን ነው የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የብሎኬቱ ስፋት የምርቱ ባሕርይ ነው፤ ማንም ቢያመርተው 20 ሳንቲ ሜትሩ 20 ነው። የሼዱ አድራሻ የአምራቹ ባሕርይ ነው። "በቀን ስንት ብሎኬት ያመርታል?" የሚለው ግን የሁለቱም አይደለም፤ የዝምድናው ነው። ማኅበሩ በቀን የሚያመርተው የቢም ብዛትና የብሎኬት ብዛት ይለያያል፤ አንዱን ብሎኬት ደግሞ ሁለት ማኅበራት በተለያየ ፍጥነት ያመርቱታል። ዋጋ ላይ ያለው ነገር ትንሽ ያከራክራል። ለሁሉም አቅራቢ አንድ የተወሰነ ዋጋ ካለ ዋጋው ምርቱ ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ ውል የሚሸጥ ከሆነ ግን ዝምድናው ላይ መሆን አለበት። ይህን የሚወስነው የሶፍትዌር ሠሪው ምርጫ ሳይሆን የግዢ ውሉ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዥ ከመሥራት በፊት ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

የግንኙነት ወጥመድ

ሦስተኛ ወገን ሲገባ ጉዳዩ ይከብዳል። ሦስተኛው ወገን ምርቱ የሚደርስበት ቦታ፣ በእኛ ምሳሌ ሳይቱ ነው።

ለማስረዳት ያህል፣ ማኅበር "ሀ" እና ማኅበር "ለ" አንድ ዓይነት የብረት መስኮት ያመርታሉ እንበል። ያንኑ መስኮት የልደታ ሳይትም የጀሞ ሳይትም ተረክበዋል። ዳታቤዙ ሁለት አገናኝ ሰንጠረዦች ብቻ አሉት፤ አንዱ ማን ምን እንደሚያመርት፣ ሌላው የትኛው ሳይት ምን እንደተረከበ ይናገራል። አሁን "ለልደታ መስኮት ያቀረበው ማን ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ ሁለቱ ሰንጠረዦች በመስኮቱ በኩል ይጣመራሉ። የሚወጣው መልስ አራት ረድፍ ነው፦ ሀ ለልደታ፣ ሀ ለጀሞ፣ ለ ለልደታ፣ ለ ለጀሞ። እውነቱ ግን ሀ ለልደታ ብቻ፣ ለ ለጀሞ ብቻ አቅርበው ሊሆን ይችላል። ሁለቱ የተሳሳቱ ረድፎች በምንም ምልክት ከትክክለኞቹ አይለዩም። 50 አምራችና 20 ሳይት ቢሆኑ ደግሞ ጥምሩ እስከ 1,000 ጥንድ ይሰጣል።

የዚህ ስሕተት ውጤት በሰው ላይ ይደርሳል። የጀሞው መስኮት ቢዝግ ወይም ቢጣመም ጥፋቱ መስኮቱን ባልሠራው ማኅበር ላይ ይወድቃል፤ ለልደታ ያላቀረበው ማኅበር ደግሞ ለልደታ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ከአምስትና ከስድስት አባላት በላይ ለሌለው ማኅበር አንድ ክፍያ መዘግየቱ ወይም አንድ ጥፋት በስሙ መመዝገቡ ቀላል ነገር አይደለም።

"ሦስተኛ አገናኝ ሰንጠረዥ፣ ማለትም የትኛው ማኅበር ለየትኛው ሳይት እንዳቀረበ የሚናገር፣ ብንጨምርስ?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። አሁንም አይበቃም። ሀ መስኮትም በርም ያመርታል፤ ለጀሞ መስኮት፣ ለልደታ ግን በር ብቻ አቅርቧል እንበል። የልደታን መስኮት ያቀረበው ለ ነው። ሦስቱም ጥንዶች በየሰንጠረዡ ይገኛሉ፦ ሀ መስኮት ያመርታል፤ ሀ ለልደታ አቅርቧል፤ ልደታ መስኮት ተረክቧል። ሦስቱም እውነት ሆነው ሳለ "ሀ ለልደታ መስኮት አቀረበ" የሚለው ሐሰት ነው። መፍትሔው ሦስቱን ወገኖች በአንድ ረድፍ ላይ አንድ ላይ መመዝገብ ነው፦ አምራች፣ ምርት፣ ሳይት፣ መጠን፣ ቀን።

ይህን ወጥመድ በስሙ የጠራው የአይ ቢ ኤም ተመራማሪው ኤድጋር ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው፣ ለዛሬዎቹ ዳታቤዞች መሠረት በሆነው ጽሑፍ ውስጥ የሰጠው ምሳሌ አቅራቢ፣ ዕቃ፣ ፕሮጀክትና መጠን ያሉበት ሰንጠረዥ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ሌላ ነው። አይ ኤም ኤስ የተባለው የአይ ቢ ኤም ሥርዓት ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአፖሎ የጠፈር ፕሮግራም የዕቃ ዝርዝር ሲሠራ መረጃውን እንደ ዛፍ ያደራጅ ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል ከአንድ ወላጅ ሥር ይገባል። አንድ ብሎን በሁለት ቦታ ሲያስፈልግ ወይ ይደገማል ወይ ተጨማሪ ማያያዣ ይሠራለታል። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ፒተር ቼን ነገሮችንና ዝምድናዎችን በሥዕል የሚያሳየውን ዘዴ ሲያቀርብ ዝምድናን በአልማዝ ቅርጽ ሣለው፤ በዚያው ጽሑፍ የአንድ አምራች ድርጅት ሥዕልም አለ። ተማሪዎች ዛሬም በፈተና ላይ የሚሥሉት ያን አልማዝ ነው።

በወረቀት የነበረው ሞዴል

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች "ሞዴል" የሚለው ቃል ከኮምፒውተር በፊት ሌላ ትርጉም ነበረው፤ አሁንም አለው። ዕቃ ወደ ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። በጥሩ ሁኔታ የተሞላ ሞዴል 19 አቅራቢውን፣ የዕቃውን ዓይነት፣ መጠኑን፣ ቀኑንና የተረከበውን ሰው ፊርማ በአንድ ወረቀት ላይ ይይዛል። ይህ ከላይ የተባለው ባለ ብዙ ወገን ረድፍ ማለት ነው። የንብረት ክፍል ሠራተኞች የግንኙነት ወጥመድን በስሙ ባያውቁትም በወረቀታቸው አምልጠውታል።

ችግሩ የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ነው። ቸኩሎ የሚያስገባ ሰው የወሩን ደረሰኞች ደምሮ "ልደታ፣ መስኮት፣ 400" ብሎ አንድ ረድፍ ይጽፋል። ድምሩ ትክክል ነው፤ አቅራቢው ግን ጠፋ። ከዝርዝር ወደ ድምር መሄድ ሁልጊዜ ይቻላል፤ ከድምር ወደ ዝርዝር መመለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ የሚመዘገበው ትንሹ ክስተት፣ ማለትም አንድ ርክክብ መሆን አለበት።

ባችና 28ኛው ቀን

ለመስኮት ርክክብን መመዝገብ ሊበቃ ይችላል፤ ለብሎኬትና ለቢም ግን አይበቃም። ሲሚንቶ ያለበት ነገር ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ በቀስ ነው። የኮንክሪት ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካው ከተመረተ በ28ኛው ቀን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ውኃ እየጠጣ መቆየት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ ያጣ ብሎኬት በመልኩ ከደኅናው አይለይም።

እንግዲህ የጥራት ውጤቱ የት ይጻፋል? ምርቱ ላይ ቢጻፍ "ባለ 20 ብሎኬት ደካማ ነው" ማለት ይሆናል፤ ይህ የሁሉንም ማኅበራት ብሎኬት ይነካል። አምራቹ ላይ ቢጻፍ ማኅበሩ በአንድ ሳምንት ውኃ በመቋረጡ ያበላሸው ሥራ ለዘለዓለም ይከተለዋል። አምራችና ምርትን በሚያገናኘው ረድፍ ላይ ቢጻፍም ያለፈው ውጤት በአዲሱ ይሻራል። ትክክለኛ ቦታው ባች ነው፤ ይኸውም አንድ አምራች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ዓይነት ቡኬት ያመረተው ስብስብ። ባች የራሱ ቁጥር፣ የተመረተበት ቀንና የምርመራ ውጤት ይኖረዋል፤ ርክክብ ደግሞ የባቹን ቁጥር ይጠቅሳል። ምርመራው ናሙና ላይ ስለሚደረግ፣ የናሙናው ውጤት የሚናገረው ስለ ባቹ ብቻ ነው።

ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ብሎኬቱ ተጭኖ ሊሄድ እንደሚችልም ሞዴሉ ማሰብ አለበት። የውጤቱ ዓምድ ባዶ መሆን "ወደቀ" ማለት አይደለም፤ "ገና" ማለት ነው። ባዶን እንደ ዜሮ የሚቆጥር ፕሮግራም ያልተመረመረውን ሁሉ ይጥላል፤ ባዶን የሚዘል ደግሞ ያልተመረመረውን እንዳለፈ ያስመስላል።

ባች ከተመዘገበ ጥያቄው በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ከሕንፃው ተነሥቶ "ይህ የተሰነጠቀ ቢም ከየት መጣ?" ማለት ይቻላል፤ ከባቹ ተነሥቶም "የዚህ ባች ሌሎቹ ቢሞች የት የት ገቡ?" ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ አስፈላጊ ይመስላል፤ ገና ያልተሰነጠቁት ያሉበትን ቤት የሚያሳየው እሱ ነውና።

ስም፣ ቁጥርና ቀን

በአማርኛ የሚሠራ ዳታቤዝ ሌሎች የማይገጥማቸው ችግሮች አሉበት። "ማኅበር"፣ "ማህበር" እና "ማሕበር" ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። "ኃይሉ"፣ "ሀይሉ" እና "ሐይሉ" ተብሎ የተመዘገበ አንድ አምራች ሦስት አምራች ይሆናል፤ ያቀረበውም ምርት በሦስት ይከፈላል። ስለዚህ ስም መለያ ቁልፍ መሆን የለበትም።

10 አሃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከስም ይሻላል፤ ግን የሚለየው ግብር ከፋዩን እንጂ ወርክሾፑን አይደለም። አንድ ድርጅት በአንድ ቁጥር ሁለት ሼድ ቢኖረው፣ አንዱ ሼድ ጥሩ ሌላው መጥፎ ብሎኬት ሊያመርት ይችላል። ስለዚህ ድርጅትና የማምረቻ ክፍል ሁለት ሰንጠረዦች ቢሆኑ ይመረጣል፤ በመካከላቸው ያለው ዝምድና አንድ ለብዙ ነው። ለክፍሉ ራሱ ዳታቤዙ የሚሰጠው ትርጉም የለሽ ተራ ቁጥር ይበቃል።

ቀን ከሁሉም ያታልላል። ብዙዎቹ የዳታቤዝ ሥርዓቶች የሚያውቁት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2002 ዓ.ም. "30/2/2002" ተብሎ ሲገባ ሥርዓቱ ይመልሰዋል፤ በእነሱ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለምና። ጳጉሜንም በ13ኛ ወርነቱ አያልፍም። እነዚህ ደኅና ስሕተቶች ናቸው፤ ቢያንስ ይታወቃሉ። የካቲት 30 ቀን 2002 ዓ.ም. ግን "30/6/2002" ተብሎ ያለ ምንም ቅሬታ እንደ ጁን 30 ቀን 2002 ይገባል፤ በዚህም ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። የ28 ቀኑ ስሌትም በጳጉሜን ላይ ይሰናከላል። ነሐሴ 20 ቀን 2002 ዓ.ም. የተመረተ ባች 28 ቀን የሚሞላው መስከረም 13 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ ጳጉሜንን የረሳ ሰው መስከረም 18 ይላል። ስለዚህ ቀኑን በጎርጎርዮስ አስቀምጦ በማሳያው ገጽ ላይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጥ የተሻለ ነው።

በምርት ውስጥ ያለ ምርት

ቢም ለማኅበሩ የመጨረሻ ምርት ነው፤ ለወለሉ ግን ግብዓት ነው። ሲሚንቶም እንዲሁ ለሙገር ወይም ለመሰቦ ፋብሪካ ምርት፣ ለቢም አምራቹ ጥሬ ዕቃ ነው። "ጥሬ ዕቃ" እና "ምርት" የሚባሉ ሁለት ሰንጠረዦች መሥራት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ያው ነገር እንደ ተመልካቹ ስሙ ይለዋወጣል። የሚያስፈልገው አንድ የምርት ሰንጠረዥና ምርትን ከምርት ጋር የሚያገናኝ ሌላ ሰንጠረዥ ነው፤ ረድፉ ትልቁን ምርት፣ በውስጡ የሚገባውንና መጠኑን ይይዛል። ወለል ቢም አለበት፣ ቢም ሲሚንቶ አለበት እየተባለ ወደ ታች ይወረዳል። አንድ ምርት በራሱ ውስጥ እንዳይገባ መከልከል ግን ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቆጠራው ማብቂያ አይኖረውም።

የሚቀየሩና የሚፈርሱ አምራቾች

ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት አይቆሙም። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የልማት ስትራቴጂ መሠረት በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 5 ሠራተኛና እስከ 100,000 ብር ካፒታል ያለው ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ሠራተኛና እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ያለው አነስተኛ ይባል ነበር። ማኅበሩ ሲያድግ ምድቡ ይቀየራል። አሮጌውን ምድብ አጥፍቶ አዲሱን የሚጽፍ ዳታቤዝ፣ ጥቃቅን ሳለ ያቀረበውን ሁሉ አነስተኛ ሆኖ እንዳቀረበው አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ምድብ፣ ስምና አድራሻ "ከ" እና "እስከ" የሚሉ ቀኖች ባሉት የታሪክ ሰንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣሉ።

ማኅበር ሊፈርስም ይችላል፤ ግንባታ ሲቀዘቅዝ አባላቱ ወደየራሳቸው ሥራ ይሄዳሉ። ያኔ ረድፉን ከአምራቾች ሰንጠረዥ መሰረዝ የባቾቹንና የርክክቦቹን መነሻ ያጠፋል። በደንብ የተሠራ ዳታቤዝ በውጭ ቁልፍ አማካይነት ስረዛውን ይከለክላል፤ መዝጋቢው የሚያደርገው ሥራ ያቆመበትን ቀን መጻፍ ብቻ ነው። ማኅበሩ ከፈረሰ በኋላም ብሎኬቶቹ በሰዎች ቤት ግድግዳ ውስጥ ይኖራሉ።